የቆረጡት ዝምታህ

ጌትዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰፈራችን ዋራበሌ እንደተውካት ናት፤ ቆርቆሮው ይግላል፣ ውሃ ደስ ሲለው ይመጣል። የጎረቤታችን የፋጡማ ፍየል ወንበርህን ወርሳለች። ቁጭ ብላ መንገዱን ስታይ አንተን ትመስላለች፤ ፊልም ብቻ አልሠራችም።

የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። የጥበብ ማዕከል ነን ያሉ ሰዎች መጥተው ስለ ጭነት መኪና ሾፌሮች የሠራኸውን ፊልም እናድሰው ሲሉኝ ካሴቱን ሰጠሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሲታይ ጠርተው ከፊት አስቀመጡኝ። አርባ ደቂቃ የነበረው ፊልም በሃያ አለቀ።

አሠራርህን አሥራ ሰባት ዓመት ታግሻለሁ። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ካሜራውን አታጠፋም። «እንግዲህ ይኸው ነው» ይላል ሰውየው፤ አንተ ዝም፣ እሱም ዝም። «የሚናገረው ለእኛ ብሎ ነው፤ የራሱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው» ትል ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሾፌር፣ ጀልባ የሚጠብቅ ስደተኛ፣ በተዘጋው ጣቢያ ባቡር የሚጠብቅ ዘበኛ፤ ዕድሜህን የቀረጽከው መጠበቅን ነው። እኔ ራሴ ስንቴ «አንተ ሰውዬ፣ ተመልካችም ቤት አለው» ብዬሃለሁ።

እነሱ ያንን ዝምታ በሙሉ ቆርጠው ጣሉት። ለምን ብዬ ብጠይቅ ባለሙያው በትሕትና «ማዳም፣ ካሜራውን ማጥፋት ረስተው መስሎን ነው፤ ስማቸው እንዳይጎድፍ ብለን አጸዳነው» አለኝ። የከሚሴው ሾፌር ትዝ ይልሃል? ወንድሙን ወደ የመን ሲሻገር ባሕር እንደበላው ተናግሮ፣ ባዶ ጀሪካኑን ታቅፎ ክዳኑን ሲከፍት ሲዘጋ የቆየው? ያ የለም። ወንድሙ ሞተ፣ እነሱ የጨመሩት ቫዮሊን፣ ቀጣዩ ሾፌር።

ያልተቆረጠውን ዋናውን ካሴት ተቀብዬ ወጣሁ። ባለፈው ዓርብ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት በፔካ 12፣ ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሙሉውን አሳየሁ። ኳስ ስላቋረጥኩባቸው አጉረመረሙ። አንዱ «እትዬ፣ ቴሌቪዥኑ ቆመ እንዴ?» አለኝ። አልቆመም፣ ጠብቅ አልኩት። ጠበቀ፤ ከነሱ በላይ መጠበቅ የሚያውቅ የለም። ጀሪካኑ ጋ ሲደርስ ጉርሻ የያዘው እንደያዘ ቀረ። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ኳሱን መልሺ ያለም አልነበረም።

በሙት ዓመትህ ሁሉ እዚያው አሳየዋለሁ፤ አንዲት ደቂቃ አላስነካም። አሁንም ግን ይረዝማል፤ አቋሜን አልለወጥኩም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ፍየሏን አስነስቼ ወንበርህ ላይ ነኝ። ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ገና አልተነሳሁም።