መምህር ዳኘው ወንዙን ያዩ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለጀሊላ። በሰው አገር አላህ ከለላ ይሁንሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ አባትሽም ሱቁ ውሎ ይገባል።

የጓሯችን ወንዝ አዲሱ የቆዳ ማልፊያ ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ ይሸታል። ላሞቻችን ከዚያ ጠጥተው ሞቱብን። አንቺን ያስተማሩሽ መምህር ዳኘው ሰምተው መጡ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተው፣ ድንጋዩን እያገላበጡ ውሃውን በወንፊት አጠለሉ።

“እትዬ ዘይነት፣ ንጹሕ ውሃ የሚወዱት ነፍሳት አልቀዋል፤ ሸርጣንም የለ። የቀረው ቀይ ትል ብቻ ነው። ልጆች እንዳይነኩት” አሉኝ።

ይህንኑ በቀበሌው ስብሰባ ተነሥተው ተናገሩ። ሊቀመንበሩ “የአብዮቱን ፋብሪካ ስም ታጠፋለህ!” አላቸው። በማግሥቱ ወሰዷቸው። ባለቤታቸው ሸዋዬ ስንቅ ታመላልስ ነበር፤ ትናንት ግን “ከእንግዲህ አያስፈልገውም” ብለው መለሱባት። ለቅሶ እንኳ እንዳትቀመጥ ከልክለዋታል።

የሰፈሩ ልጆች አሁንም ወንዙ ውስጥ ሊዋኙ ይመጣሉ። “ጅን አለበት” እያልሁ አባርራቸዋለሁ፤ እውነቱን መናገር ፈራሁ።

ይህን የላክሁልሽ በሰው እጅ ነውና አንብበሽ አቃጥዪው። የውሃ ነገር እንደምትማሪ ለማንም አልተናገርሁም። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከደግ ሰው ያገናኝሽ። ልጄ፣ ትምህርቱን ብትጨርሺም፣ እኔ ነይ እስክልሽ ድረስ እዚያው ቆዪልኝ።

እናትሽ ዘይነት