የአባባ ኑዛዜ አዲሱ ቁልፍ

ይድረስ ለጠፋኸው ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ያ ቁጭ ብድግ ስትል የሚያስጨንቅህ ወገብህስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። ውስጤ ግን ሰላም የለውም።

ባለፈው ሳምንት አጎታችን የሰፈራችን አናጢ ዘንድ ሄዶ ስለ አባባ ኑዛዜ ሲያወጣጣው ዋለ። አናጢው ምስክር መሆኑ የተጻፈው ኑዛዜው ላይ ብቻ ነው። ዋናው ወረቀት ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቅጂው ያለው በእኔና በአንተ ኮምፒውተር ነው። ምስክሮቹን አንድ በአንድ አባብሎ ቃላቸውን ካስለወጣቸው ቤቱ ለእሱ ይሆንና እማዬ ከገዛ ቤቷ መውጣቷ ነው። ታዲያ በየት በኩል ሾልኮ ወጣ?

ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና ምርመራውን ከራሴ ጀመርኩ። ያንን ቅጂ የቆለፍኩት በነጻ እንቆልፋለን በሚል ድረ ገጽ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። እንዲቆለፍልሽ ብለሽ ወረቀቱን ለማታውቂው ሰው አስረከብሽ አለኝ። ይባስ ብሎ የይለፍ ቃሉ የልጅነት ቅጽል ስምህ ነበር፤ እሱን ያወጣልህ ደግሞ ማን ሆነና፣ ራሱ አጎታችን! አፈርኩ።

ከዚያ ስልኬ ላይ አንድ መተግበሪያ ጫንኩ። ገና ሳልጠቀምበት ፎቶዎችሽንና የስልክ ቁጥሮችሽን ልይ አለኝ። ወረቀት ሊቆልፍ የመጣ ምን አገባው? አጠፋሁት። ሌላው ፕሮግራም ቆልፌያለሁ አለ፤ በመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ኮምፒውተር ስሞክረው ወለል ብሎ ተከፈተ። ለካ የከለከለው ማተምና ማረም ብቻ ኖሯል። በመጨረሻ ጠጋኙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ጽሑፉን ራሱን የሚያመሰጥር አሳየኝ። የይለፍ ቃሉ ቢጠፋስ ብዬ ብጠይቀው፣ የፕሮግራሙ ሠሪዎችም ቢሆኑ አይከፍቱትም አለኝ። አንጀቴን አራሰው።

አትቀየመኝ፣ አንተንም ጠርጥሬሃለሁ። አጎታችን በየጊዜው ይደውልልሃል፣ አንተ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነህ። ሲያለቅስብህ ልከህለት ይሆናል።

አዲሱን ቅጂ በኢሜይል ታገኘዋለህ። የይለፍ ቃሉን ግን የትም አልጻፍኩትም። እርስ በርስ የማይገናኙ ስድስት ቃላት ናቸው፤ ምናልባት አንድ ነገር ብሆን ብዬ እማዬን በቃል አስጠናኋት። ደውልና ጠይቃት። መጀመሪያ ኑዛዜውን ለአጎትህ ሰጥተህ እንደሆነ ትጠይቅሃለች። እኔን ትዋሸኝ ይሆናል፣ እሷን ግን አትችልም።

ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን በርቺ በላት፣ የትንሹን ጉንጭ ሳምልኝ። አማትህንም ጤናዋን ጠይቅልኝ። የእማዬን ሰላምታ እዚህ አልጻፍኩም። ድምፅህን ከሰማች ስምንት ወር ሆኗታል፤ ከራሷ አፍ ተቀበል።

ተጠራጣሪዋ እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ሐሙስ ሰኔ 9 ቀን