ፊቱን ወደ አንኮበር ያዞረው ወታደር

ደብረ ብርሃን

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የአንኮበር ጉም ዘንድሮ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ በማለዳ ደጅ አትውጪ ልልሽ ነበር፤ ግን መች ትሰሚኛለሽ። እኔና ምራትሽ ሔራን፣ መድኃኔዓለም ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነን። ስልክ ያልደወልኩልሽ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ስለተዘጋ ነው። ዓይኔንም አቅልቶታል። እንዲህ ሆኜ ብደውል፣ ደህና ነኝ ብልሽም ድምፄን ሰምተሽ ስለማታምኚኝ መጻፉ ይሻላል አልኩ።

አባ ወልደአረጋይ መልእክትሽን አድርሰውኛል። የወለተሐናን ልጅ እንደሠራኸው ወንድምህንም ሥራልኝ፣ ገብረ ጻድቅ ተመልሶ ከመጣ የእኔ ወልደኪዳን ምን ያግደዋል ብለሽ ላክሽብኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳሽ፤ ሰው እንደሚያወራው ጠንቋይ አልሆንኩም። ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ሳጥኖቹን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ውስጣቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች አሉ፤ ራሱ ለብቻ፣ ደረቱ ለብቻ፣ እጅና እግሩ ለብቻ። ተገጣጥመው ሲቆሙ ከአውራ ጣቴ ጥቂት ይበልጣሉ። ሁሉም የሰው አገር ወታደር ስለሆነ የእኛን ልጅ የሚመስል ለማግኘት ከአንዱ ፋብሪካ ራስ፣ ከሌላው ደረት እየወሰድኩ ነው የምሠራው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው። ሳጥኖቹ ሁሉ ልኬታችን አንድ ነው ቢሉም ውሸታቸውን ነው፤ የጃፓኑ ሰው ቀጠን ይላል፣ የቻይናው እጁ ይገዝፋል። በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ፣ ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኜ ነው አንድ ሰው የማደርጋቸው።

ጎረቤታችን ወለተሐና ልጇ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ በኋላ አንድ ቀን ቤት መጣች። ልብሱን ይዤ እንዳላለቅስ ሞተ ያለኝ የለ፣ እንዳልጠብቅ ደግሞ አለ ያለኝ የለ፣ እስቲ ዓይኔ የሚያርፍበት ነገር ሥራልኝ አለችኝ። ሠራሁላት። እግር አጥሮኝ ነበርና አንዱን ከአንድ ሳጥን፣ ሌላውን ከሌላ ሳጥን ገጠምኩ። ግራው አጠረ። ቀለም ስቀባው አይታወቅም ብዬ ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ ልጇ ገብረ ጻድቅ በእግሩ መጣ፤ ግራ እግሩን እያነከሰ። እናቱ እልል እያለች እጄን ስትስመኝ እኔ ዓይኔን ከግራ እግሩ አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲያ በራችን ላይ ፎቶ ይዞ የሚቆመው ሰው በዛ። ሔራን መደርደሪያውን ጠበል ረጭታ ሥራውን ተው አለችኝ። እኔም ትቼው ነበር። ያንቺ መልእክት የመጣው ይሄኔ ነው።

እማዬ፣ ባላምንበትም ተመኘሁት። ሳጥኖቹን እንደገና ከፈትኩ። የወለተሐናን ልጅ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ሁለቱንም እግሩን ከአንድ ሳጥን አወጣሁ። ትከሻውን እንደ ወልደኪዳን ሰፋ፣ አንገቱን ዘንበል አደረግሁት። ራሱን ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጌ አጣበቅሁ። ይሄ ማጣበቂያ እንደ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ያዋህደዋል፣ ከደረቀ ካልሰበሩት አይዞርም። ሲነጋ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አገኘሁት።

በቢላዋ ሰብሬ መለስኩት። በማግሥቱም ዞሯል። ሔራንን ጠየቅሁ፤ በማርያም ምላ አልነካሁትም አለች፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ለብቻዋ አትገባም። መስኮቱ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ነው፤ ወዳንቺ፣ ወደ አንኮበር። ቤቱ ናፍቆት ነው አልኩ። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? ከዚያ በኋላ መመለሱን ተውኩ።

ለልብሱ ቀለም ግን የሚያውቅ ሰው አስፈለገኝ። ገብረ ጻድቅና ወልደኪዳን አብረው ነበር የዘመቱት፤ እሱ ግን ከመጣ ጀምሮ እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። በእናቱ አስለምኜ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጣ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ። ምስሉን ብዙ አየውና ለምን አቆምከው ብሎ ጠየቀኝ። ወታደር አይደለም እንዴ አልኩት። ዓይኑን ከምስሉ ላይ አንስቶ እኔን አየኝ።

ዓይኑን ማየት ሲያቅተኝ ወደ መሬት አየሁ። እማዬ፣ ጫማዎቹ አንድ አይደሉም። የቀኙ የራሱ ነው። ግራው ይሰፋዋል፤ ምላሱ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ያን ጫማ ወልደኪዳን ሊዘምት ሰሞን ሊስትሮ ዘንድ የወሰድኩለት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ክር የለኝም ብሎኝ ተጨቃጭቀናል። ገብረ ጻድቅ የማየውን አየ። የእኔ ግራ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ይሄን ከወልደኪዳን ወሰድኩ፣ አልከለከለኝም አለኝ። እግሩ ታሞ አይደለም ለካ የሚያነክሰው፤ ጫማው አልሆን ብሎት ነው። እናቱ አውልቀው ብትለው ይኸው እስከ ዛሬ እንቢ ብሏል።

ሌላም ብዙ አጫውቶኛል። እሱን በአካል ስንገናኝ እነግርሻለሁ። ምስሉን ከወገቡ ቆርጬ እግሩን አቃናሁና ጥጥ ላይ አስተኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ፊቱ አልዞረም። ለሰው አልሰጠውም፣ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ዓርብ እንነሳለን። አጎቴ ከሰላ ድንጋይ፣ አክስቴም ከለሚ መጥተዋልና አብረን ነን፤ አንቺን ካዩ ቆይተዋል። ሚኒባሱ አምሽቶ ስለሚያስገባን እንዳንቀሰቅስሽ አባ ወልደአረጋይ ቤት እናድርና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን። ሰው በዛ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ዓርብ ማታ አንድ ጎረቤት አብራሽ ትደር፤ ብርዱ ጠንክሯል። ጾም ነው እያልሽ ባዶ ሆድሽን አትደሪ፣ አደራሽን፣ እህል ቅመሺ። ፊቱን ቀለም ስቀባ የማየው የለኝምና ከሳጥንሽ ያን ትልቁን ፎቶውን አውጥተሽ አስቀምጪልኝ። ጋቢውንም፣ የጥምቀቱን ሸሚዙንም። እጠቢው አላልኩሽም፤ እንዳለ ይሁን።

እመብርሃን ጉልበትሽን ታጽናው። የሚችል ልብ ትስጥሽ። ሔራን ጉልበትሽን ስማለች።

ያለሁልሽ ልጅሽ