ያለ አስተርጓሚ

ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

በድለኸኛል። ከልጅህ ጋር በስልክ ስታገናኘኝ፣ እኔ አንድ ነገር ስናገር አንተ በእንግሊዝኛ ሌላ ትነግራት ነበር። ስታስተረጉም ሳይሆን ቃሌን ስትለውጥብኝ ኖረሃል። ስሙን አላሳምርልህም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል። ሐኪሙ ተቀመጥ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም።

እንዴት እንደነቃሁብህ ልንገርህ። እንግሊዝኛዬ ማቅለሚያ ቤት ስሠራ ከቀለም ጣሳ ላይ ካነበብኩት የማያልፍ መስሎህ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ከመዝገበ ቃላት ጋር ስታገል ነው የከረምኩት። ታች ያለው ልብስ ሰፊ በመስኮት ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ የሚፈተኑት መቼ ነው?» እያለ ያሾፍብኛል። «አንተ ቁልፍህን ትከል» እለዋለሁ። እናም አንድ ቀን «ሒሳብ ከወደቀች ጨዋታ ይቅርባት በላት» ስልህ፣ አንተ «አያትሽ በጣም ይወድሻል፣ አይዞሽ ይልሻል» ስትላት ጆሮዬ ያዘው። ስልኩን ዘግቼ መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩ።

ትናንት ሥራ ላይ መሆንህን አውቄ ደወልኩ። ሚስትህ አነሳች።

«አባባ፣ እሱ እኮ የለም።»

«እሱን ማን ፈለገው? ቆቂትን ስጪኝ።»

«በምን ልትግባቡ ነው?»

«በአፋችን!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ልጅቱን ጠራችልኝ። ፊቷ ስልኩ ላይ ድቅን ሲል የተለማመድኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ለአባዬ ልደውልለት?» አለችኝ። አሁን ካልተናገርኩ እስክሞት በአንተ አፍ መናገሬ ነው ብዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የተማርኩትን ቃል ያዝኩ፤ ጣሳዎቹ ላይ የነበረውን።

«ፋስት ምን ማለት ነው?» አልኳት፣ በእንግሊዝኛ።

«ፈጣን ማለት ነው። ከክፍላችን እኔ ነኝ ፋስት!»

«ቀለምም ፋስት ይባላል።»

«ቀለም እግር የለውም፣ አያቴ። ተሳስተሃል።»

ፍርጥም ብላ ነው ያለችኝ። የማን ዘር እንደሆነች አያጠራጥርም። ስልኩን ግድግዳ አስደግፌ ሳፋና ሳሙና አመጣሁ፤ ሁለት ቀይ ጨርቆችም፣ አንዱ ከገበያ የተገዛ፣ አንዱ በእጄ ያቀለምኩት። ሁለቱንም ዓይኗ እያየ በሙቅ ውኃ አሸኋቸው። የገበያው ውኃውን ደም አስመሰለው። የእኔው ጠብ አላለም። «ፋስት ይኸኛው ነው» አልኳት። «ጨርቁን አጥብቆ የያዘ፣ የማይለቅ።»

እልል ብላ እናቷን ጠራች። ከዚያ ድንገት አሰብ አድርጋ «ታዲያ እማዬ ‹ፋስት አስሊፕ› ነበርሽ ስትለኝ፣ ቶሎ ተኛሽ ማለቷ አይደለም?» አለችኝ።

«አይደለም። እንቅልፍ ጥፍር አድርጎ ይዞሽ ነበር ማለቷ ነው።»

«እኔ እኮ በፍጥነቴ የምታደንቀኝ መስሎኝ!»

ሳቅሁ፣ ልጄ። ልብስ ሰፊው ከታች «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎ እስኪጮኽ ድረስ ሳቅሁ።

ስለ ሒሳቧም በገዛ አፌ፣ ሳላለሳልስ ነገርኳት። «እሺ» አለችኝ። «ግን ሁልጊዜ የምትለኝን ዛሬ አላልከኝም።»

«ምኑን?»

«በጣም እንደምትወደኝ።»

ያን ቃል እኔ አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም፤ አንተ ነህ የጨመርከው። ልጅቱ ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች። ሚስትህ ከኋላዋ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

አልኩት። ሰዋስውም አልሳትኩም። ድገምልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት።

ከእንግዲህ እሁድ እሁድ የምደውለው እኔ ነኝ። ሥራ በሌለህ ቀን ከፈለግህ አጠገቧ ተቀምጠህ ስማ፣ አፍህን ግን እንዳትከፍት። እዚያ ብርዱ ከባድ ነው አሉ፤ ደረትህን ሸፍን። ሥራህ ይቅናልህ፤ ቤትህን ሳቅ አይለየው፤ ደጅህ በደስታ ይከፈት።

ስለ ማስተርጎምህ የምለውን ብያለሁ። ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ፤ ለምን እንዳደረግኸውም እንዳትነግረኝ። ከዛሬ በኋላ ይህን ነገር እኔም አላነሣውም፣ አንተም አታንሣብኝ።

አባትህ