የዋልልኝ ሸሚዝ

ይድረስ ለእታለም ፋሲካ፣ ጅዳ፤

ደብረ ታቦር ኢየሱስ ካለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ላሟም ወልዳለች።

ወንድማችን ዋልልኝ ስለ ገብስ ዘር ጀርመን ሄዶ ሊመራመር ያመለከተው ስኮላርሺፕ ተፈቀደለት። መልሱን ላፕቶፑን ከፍቼ ያየሁት እኔ ነኝ። እሱ የዘር ናሙና ሊሰበስብ ወደ ገሳይ ከሄደ አራት ወሩ ነው፤ ስልኩም አይጠራም። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል።

ዕድሉ እንዳያልፈው በስሙ «እቀበላለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። አሁን ደግሞ ሰኞ በቪዲዮ እናነጋግርህ ይላሉ። መቼም መልካችን አንድ ነው፤ ማመልከቻውንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ትናንት ሸሚዙን ለብሼ ስሞክረው እናታችን ከደጅ ገባች። «መጣህ ልጄ?» አለችና የመንገደኛ እግር ውኃ አቀረበችልኝ። እግሬን ታጠብኩ።

ስትደውዪ «ዋልልኝ ገብቷል» ብትልሽ፣ እሺ በያት።

ሦስታችንንም ባንድ ማዕድ ያገናኘን።

ወንድምሽ ይሻው