የአብዛኛው ቀን ሳንቃ

እሑድ

ሳንቃው ቤት አልገባም አለ። በበር ሞከርን፣ በመስኮት ሞከርን፣ ዞረን በጓሮ በኩል ሞከርን። እህቴ ሰናይት በመጨረሻ ወገቧን ይዛ "በቃ ጣራውን እናንሳለት" አለች። በረንዳው ላይ ግድግዳ አስጠግቼ አጋደምኩት። ጫፉ አሁንም ወደ መንገድ ይወጣል። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ በአውቶቡስ ጣራ፣ በፍራሽና በማዳበሪያ መሐል ተጭኖ መጥቶ ዲላ ላይ ቦታ አጣ።

ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ያያል። አንዱ የሬሳ ሣጥን ክዳን ነው አለ። አንዷ የልብስ መተኮሻ ነው አለች። ያወቀው ጎን ቤት የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ነው። "ብሮ፣ ሰርፍ ቦርድ ዲላ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለኝ። እኔም እሱኑ ነው የምጠይቀው አልኩት። ባሕር ላይ ቆመው ሞገድ የሚጋልቡበት ሳንቃ ነው።

የደረጄ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ብርድ ልብስ መሸጫ ሱቅ ተቀጥረን አብረን የኖርን ጓደኛዬ። ሞቷል። አገሬ ከገባሁ ጀምሮ ይሄን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም፣ እዚህ ልጻፈው። ባሕር ገደለው። እዚያው ቀበርነው። እናቱ አታውቅም።

አጎቱ ጋሽ ጅግሶ ያውቃሉ፤ ለእሳቸውና ለሰናይት እኔው ነኝ ከዚያ ደውዬ የነገርኩት። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወሉልኝ። የደረጄ ታናሽ እህት ትግስት ወልዳ ፍስሐ ገነት እናቷ ቤት ተኝታለች። "አራስ ባለችበት ቤት መርዶ አይገባም" አሉ፣ "ወተቷ ይደርቃል። እስክትነሳ ድረስ ፍስሐ ገነት ድርሽ እንዳትል።" እሺ ጋሼ አልኩ። ቀጥለው ደግሞ ስንነግራት ታሞ ነው የምንላት አሉ። ለምን ብል፣ "ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው በጨዋታ ሞተ ይባላል?"

በስልክ ከትልቅ ሰው ጋር አልከራከርም።

ሰኞ

የፈራሁት አልቀረም። እማማ አልማዝ፣ የደረጄ እናት፣ ራሳቸው ደወሉ። መግባቴን ከሰው ሰምተዋል። ፍስሐ ገነት ሆነው ዲላ ማን እንዳስነጠሰ ይሰማሉ።

"እንኳን ደህና ገባህ ልጄ። የኔው ልጅ ስልክ የማያነሳው ለምንድን ነው?"

ስልኩ ተሰረቀ አልኳቸው። እዚያ ስልክ በየቀኑ ስለሚሰረቅ ውሸቱ አላስቸገረኝም። "እንኳንም ስልኩ ሆነ" አሉ። ይሄ አንጀቴን በላው። "ሰውየው ራሱ ደህና ይሁን እንጂ ስልክ ምን ይላል" አሉ ደግሞ። አዎ እማማ አልኩ። አዎ ብዬ ስልኩን ዘግቼ ጓሮ እንሰቱ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰናይት ምሳ ስትጠራኝ አልሰማሁም።

ትግስት በቶሎ ትነሳ። ወይም አትነሳ። የትኛውን እንደምመኝ አላውቅም።

ማክሰኞ

ሲዘንብ ዋለ። ሳንቃው ላይ የተለጠፈውን የድሮ ሰም በማንኪያ ስፍቅ ዋልኩ። እግር እንዳያንሸራትት የሚቀባ ሰም ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ የማን እግር የረገጠው እንደሆነ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ሳንቃዎቹን የሰጠን ሱቃችን አጠገብ የተሰበሩ ሰርፍ ቦርዶች የሚጠግን ሽማግሌ ነበር። ማንም የማይፈልጋቸው አሮጌ ናቸው። አሁን ሰው የሚፈልገው ሦስት ክንፍ ያለውን ነው፣ እንደ ዝንብ እዚህም እዚያም የሚታጠፈውን። የኛዎቹ ከሆዳቸው ሥር፣ ወደ ጭራው፣ አንድ ክንፍ ብቻ ነው ያላቸው። አንድ ክንፍ ያለው አይቸኩልም። ክብደትህን ወደ አንድ ጎን ትጥላለህ፣ ትጠብቃለህ፣ በራሱ ሰዓት ይዞርልሃል። ካጣደፍከው ይጥልሃል። ደረጄ "እንደ አገራችን ሽማግሌ ነው፣ አስቀድመህ ማክበር ነው" ይል ነበር። እኔ ያንን ለመልመድ ብዙ የጨው ውሃ ጠጥቻለሁ።

ሁለት ነበሩን። ይሄ ረጅሙ ቢጫና አጭሩ፣ ጭራው የሾለው። እንዲህ ነበር የምንመርጠው፦

ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ሞገዱ ጉልበት ሲደርስ፦ ረጅሙ። ሞገዱ ገና ሳይሰበር ያነሳሃል። ቆመህ ወደ ፊት ትንሽ ትራመዳለህ። ከዚያ ወዲያ ምንም አታደርግም፣ መሄድ ብቻ ነው።

ሞገዱ ወገብና ደረት ሲደርስ፦ እንደ አቅምህ። እንጣላበት ነበር።

ከሰዓት ነፋስ ባሕሩን ሲያማስለው፦ ረጅሙ፣ ካልሆነም ቤትህ ተቀመጥ።

ከሩቅ የመጣ፣ ከሰው ቁመት የሚያልፍ ማዕበል ሲሆን፦ አጭሩ። የሾለው ጭራ ውሃውን ነክሶ ይይዛል፣ አይንሸራተትም። ረጅሙን ይዘህ ከሆነ ግን ገና ወደ ውስጥ ልግባ ስትል ማዕበሉ መልሶ መልሶ ይተፋሃል።

የዚያን ቀን ማዕበሉ ትልቅ ነበር። ደረጄ አጭሩን ያዘ። ትክክል ነው የመረጠው፣ አንድ ስህተት አላገኘሁበትም፣ ፈልጌም አላገኘሁም። ሲወድቅ ሳንቃውን ከእግሩ ጋር ያሰረውን ገመድ ከታች ድንጋይ ያዘው። እኔ በረጅሙ ልደርስበት ስቀዝፍ እየተተፋሁ፣ ስቀዝፍ እየተተፋሁ። ኋላ ሳንቃውን ትቼ ዋኘሁ። ትክክለኛውን መርጦም ሰው ይሞታል። ይሄን ለማን ነው የማስረዳው?

የጎን ቤቱ ተማሪ አባያ ሐይቅ ወስደን እንሞክረው ይላል። ከሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነሳ አጫጭር ሞገድ አለው፣ ረጅሙ ያስኬዳል። አዞው ግን ስንት ክንፍ አለህ ብሎ አይጠይቅም አልኩት።

ረቡዕ

መጡ። እማማ አልማዝ ራሳቸው ከባጃጅ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። ለአራሷ ቅቤ ልገዛ ዲላ መጥቼ ሳላይህ አልመለስም ብዬ ነው አሉ። ሰናይት ፊቷ ልክ እንደ አመድ ሆነ። እኔማ የኔን አላየሁትም።

ሳሙኝ። ደግመው ሳሙኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው በረንዳውን አዩ። ሳንቃውን አልሸፈንኩትም። ጅል ነኝ፣ ምን ይባላል ሌላ።

"ይሄ የደረጄ አይደለም እንዴ? የላከልኝ ፎቶ ላይ ያለው?"

ነው እማማ፣ ውሰደው ብሎኝ ነው፣ እሱ ሌላ አለው አልኩ። ሄደው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ክንፉን ነክተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አስረዳሁ። ሌላውስ ምን ይመስላል አሉኝ። እሱንም አስረዳሁ። ስለዚህ ነገር ከመጣሁ ጀምሮ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ስቆ ነው የሚያልፈው። አፌ ተፈታ። ረጅሙ ለትንሽ ሞገድ፣ አጭሩ ለትልቁ። ክብደት እንዴት እንደሚጣል በረንዳው ላይ ቆሜ በእግሬ አሳየኋቸው። ደረጄ ረጅሙ ላይ ሲቆም ልጆቹ ሁሉ ከባሕሩ ወጥተው እንደሚያዩት ነገርኳቸው። ይሄ እውነት ነው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"ትልቁ ማዕበል ብዙ ጊዜ ይመጣል?" አሉ።

ላረጋጋቸው ብዬ፦ "ኧረ አይመጣም እማማ። አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ቀን ትንሽ ነው፣ አያሰጋም።"

ረጅሙን ሳንቃ እየዳሰሱ ቆዩ።

"ታዲያ የአብዛኛውን ቀን ሳንቃ ላንተ ሰጥቶህ፣ እሱ አብዛኛውን ቀን በምን ላይ ይቆማል?"

ብዙ ውሸት መናገር እችል ነበር፣ ገዝቷል፣ ተበድሯል። አንዱም አልመጣልኝም። ሰናይት ከውስጥ "እማማ ይግቡ እንጂ፣ ሻይ አፍልቻለሁ" አለች። አልገቡም። መኪና ያመልጠኛል አሉ። ቅቤውን በክንዳቸው አቅፈው ነጠላቸውን አስተካከሉና "አንተ ግን ከስተሃል፣ ብላ" አሉኝ። ከዚያ ሄዱ።

መናኸሪያ ልሸኝዎት ስላቸው እምቢ አሉ።

ሐሙስ

ጠዋት ሙሉ ስልኬን እያየሁ። ጋሽ ጅግሶ ሊሰድቡኝ ይደውላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ደወሉ፣ ግን ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

"እግዚአብሔር መንገዱን ጠረገልን" አሉ። እማማ አልማዝ ትግስትን ከነሕፃኗ ዛሬ ማለዳ በመኪና አሳፍረው ይርጋጨፌ አማቷ ዘንድ ልከዋታል። እዚህ ጭስ በዛባት፣ እዚያ ይሻላታል ብለው። ትግስት አልሄድም ብላ አልቅሳ ነበር አሉ። "ቤቱ ነፃ ሆነ። ቅዳሜ ሲነጋጋ እንነግራታለን። አንተም ነገ ና፣ አብሮት የኖረ ሰው መኖሩ ደግ ነው።"

ጋሼ፣ እማማ የገባቸው ይመስለኛል አልኩ። "ምኑ?" አሉ። ረቡዕ እኔ ጋ እንደነበሩ ነገርኳቸው። "ነገርካት?" አልነገርኳቸውም አልኩ። "እንግዲያው ከየት ይገባታል" ብለው ዘጉት።

ከየት ይገባታል። አራስ ልጅ በሳምንቷ ከቤት የሚያወጣ ማን ነው? ልጅቷን ከመርዶው አሽሽተው ብቻቸውን ሊቀበሉት ነው። ይሄ ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሰናይት የሠራችውን ቆጮ ግማሹን በላሁ። ይኸው የዛሬ ድል።

አርብ

ፍስሐ ገነት። ጋሽ ጅግሶ ቤት ነኝ። ይርጋጨፌን ሳልፍ ትግስት እዚህ የሆነ ቤት ልጇን እያጠባች ነው ብዬ አሰብኩ፣ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ ማየት አስፈራኝ።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። ጋሽ ጅግሶ፣ ወንጌላዊው፣ ከእድሩ ሁለት ሽማግሌዎች። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚጸልይ፣ እማማ ከወደቁ ማን እንደሚይዛቸው ተነጋገሩ። የሳንባ ምች ነው ሊሏቸው ነው። እውነቱ ይነገራቸው አልኩ፣ ውሃ ላይ መሆኑ ምን ነውር አለው አልኩ። ጋሽ ጅግሶ ሳይቆጡ ነው የመለሱልኝ። "አልማዝ እናንተ እዚያ ስትለፉ ነው የምታውቀው። እንጀራ ፍለጋ የሄደ ልጅ ሲጫወት ሞተ ብዬ ለሰው ምን ልበል? ሐዘኗ ላይ ሐሜት ልጨምርባት?"

ክፋት የላቸውም። የራሳቸው ወንድም ልጅ ነው። ይሄ ነው የባሰው፣ የምቆጣው ሰው እንኳን የለኝም። "አንተ ዝም ብለህ ከኋላ ቁም" አሉኝ፣ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ

ሳይነጋ ሄድን። ጭጋግ ነበር፣ ማንም አላወራም። ጋሽ ጅግሶ በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ፣ በሩ ክፍት ነው።

ቤቱ ተጠርጓል። ወንበሩና አግዳሚው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፣ ከጎረቤት የተዋሱትም አለበት። እማማ አልማዝ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉን፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

ወንጌላዊው መጽሐፉን ገለጠ፣ አንድ ቃል አላነበበም። ጋሽ ጅግሶ ጉሮሯቸውን ጠርገው "አልማዝ፣ ልጃችን ታሞ" ብለው ጀመሩ። እማማ አልማዝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟቸው። "ጅግሶ፣ ተው" አሉ በቀስታ። ከዚያ በሰዎቹ ላይ አሻግረው ወደኔ አዩ።

"ታምራት፣ አንተ ንገረኝ። ትልቁ ነበር?"

ትልቁ ነበር እማማ አልኩ።

"ፈርቶ ነበር?"

ሲገባ አልፈራም፣ ደስ ብሎት ነበር አልኩ። በኋላ የሆነውን አላውቅም። ውሸት አልጨመርኩም።

"ብቻውን ነበር?"

አብሬው ነበርኩ። ዘግይቼ ነው የደረስኩበት፣ ግን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሰዎች መጥተው እስኪወስዱት ድረስ አቅፌው ነበር። ይሄን ስል ድምፄ እንዴት እንደነበር አላውቅም። ጋሽ ጅግሶ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

እማማ አልማዝ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዴ፣ እሺ እንደማለት። ከዚያ ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቱ ወጣ፣ መንገዱ በሰው ሞላ።

እሑድ

ድንኳን ተተክሏል። ሰው ከይርጋጨፌም ከዲላም እየመጣ ነው። ሰናይትም መጣች። ለትግስት ነገ ይነገራታል፣ አማቷ ዘንድ፣ በዝግታ። ጋሽ ጅግሶ ለመጣው ሁሉ "ባሕር ነው፣ ጓደኛው አብሮት ነበር" ሲሉ ሰማኋቸው። አንዳንዱ ይንሾካሾካል። ይንሾካሾክ።

እኔ ከጓሮ ከወጣቶቹ ጋር እንጨት ስፈልጥ ነበር። ሥራ ይሻለኛል። አንዲት ሴት መጥታ አልማዝ ትፈልግሃለች አለችኝ። ገባሁ። እማማ አልማዝ ከአጠገባቸው፣ የቤተሰቡ መቀመጫ ላይ፣ ቦታ አስለቅቀዋል። እዚያ የሚቀመጠው የሟች ወንድም ነው። አይ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

"አንተ እዚያ ለሐዘን ማን ጋ ተቀመጥክ?" አሉኝ።

ማንም ጋ አልኩ። ቀበርነው፣ በማግሥቱ ሱቁ ተከፈተ፣ ብርድ ልብስ ሸጥኩ።

እጄን አልለቀቁም። ሰዉ እየገባ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ጋሽ ጅግሶን እየጨበጠ ያልፋል። ከማላውቃቸው ሰዎች አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ" አሉኝ።

ለእኔ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰናይት ከሩቅ አይታኝ ልትመጣ ተነሳች፣ እማማ አልማዝ በእጃቸው ተይው አሏት።

ቀለለኝ ልል አልችልም። ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ አብጧል። ግን ለእራት ስጠራ ሰማሁ፣ ሄጄም በላሁ።