ባዶ መሆን የነበረበት ማቀዝቀዣ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያሉ ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሡት? እትዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ለጤናዬ ምንም አልል። ልቤ ግን አልተረጋጋም፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ራሴ ልንገርዎ ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ የካንሰር ማዕከል ስቀጠር «ምላስሽን ሰብስበሽ ሥሪ» ብለውኝ፣ እኔም ከማንም ላልጣላ ቃል ገብቼልዎት ነበር። ያለፈውን ሥራዬን ያሳጣኝ ይኸው ጠባዬ ነውና አልፈረድኩብዎትም። እርስዎ ለጎረቤት «እህቴ ሐኪም ናት» ይበሉ እንጂ ሥራዬ ተመራማሪዎቹ በጋራ የሚጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች ማስተዳደር ነው። ማን ቀድሞ ማይክሮስኮፑ ላይ ይቀመጥ፣ ማን ሳያጸዳ ሄደ እያልኩ ስዳኝ እውላለሁ። ወረፋ መዝለል ሲያምራቸው ሁሉም «የኔ እመቤት» ይሉኛል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የማቀዝቀዣዎቹ ክፍል ነው። ከሕሙማን የተወሰዱ ናሙናዎች እዚያ ከበረዶ በባሰ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። አንዱ ማቀዝቀዣ ሁልጊዜ ባዶውን እየሠራ መቆየት አለበት፤ ሌላው ድንገት ቢበላሽ ናሙናው የሚሸሸው ወደዚያ ነው። ቦታ የጠበበው ሁሉ ግን ዓይኑን የሚጥለው እሱ ላይ ነው። ትልቁ ዶክተር የምንለው፣ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ሰውዬ፣ ባዶ ሣጥን ታቅፈሽ መብራት ታባክኛለሽ እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመ። እምቢ ስለው አለቃዬ ዘንድ ሄደ፤ አለቃዬም ለጊዜው ነው ስጪው አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ለእርስዎ የገባሁት ቃል ትዝ አለኝና ቁልፉን ሰጠሁ።

ዛሬ ጠዋት የልጆች ካንሰር የምታጠናዋ ዶክተር ማቀዝቀዣ መጮህ ጀመረ። ቴክኒሻኑ ነካክቶ ነካክቶ ራሱን ነቀነቀ። ሙቀቱ ዓይኔ እያየ ይወጣል። ውስጡ ያለው የሕፃናት ናሙና ነው፤ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ እንደገና ስጡን አይባሉም። ሌሎቹ ማቀዝቀዣዎች ጢም ብለዋል። ትልቁ ዶክተር ስልኩን አያነሣም። አለቃዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እሱ ሳይፈቅድ እንዳትነኪ ብሎ ዘጋብኝ። ዶክተሯ የሚጮኸውን ማቀዝቀዣ በር በሁለት እጇ ገፍታ ይዛ ቆመች። አንጀቴን በላችው።

እኔ ዘንድ በቀረው ሁለተኛ ቁልፍ ለትልቁ ዶክተር የሰጠሁትን ማቀዝቀዣ ከፈትኩት። የትልቁ ዶክተር ዕቃ አብዛኛው ተመልሶ የሚገዛ ኬሚካል ነው፤ በመካከሉ ግን የራሱ ሙከራዎችም ነበሩበት። አላየሁም አልልም፣ አይቻለሁ። ያገኘሁትን በረዶ አልብሼ ወደ ተራ ፍሪጅ አወጣሁትና የልጆቹን አስገባን።

ከምሳ በኋላ ትልቁ ዶክተር እሳት ጎርሶ መጣ። የዓመታት ልፋቴን ገደልሽው አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ብዙው ተበላሽቷል። የሰው ልፋት ማጥፋት ቀላል አይደለም ጋሼ፣ እኔንም አመመኝ። ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩት። አለቃዬ ነገ ጠዋት «ተሳስቻለሁ» ብዬ በጽሑፍ ካላቀረብኩ ሥራዬ እዚህ ላይ እንደሚያበቃ ነገረኝ።

ለጠፋው ልፋቱ ፊቱ ቆሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ተሳስቻለሁ ብዬ ግን አልጽፍም። እንጀራዬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

እትዬን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ትልቁን ልጅ በርታ ይበሉልኝ፤ መንትዮቹን እየተቆነጣጠጣችሁም ቢሆን አቅፋችኋለሁ ይበሏቸው። ትንሿን ግንባሯን ይሳሙልኝ። የታመሙት ልጆች ናሙና ባለባቸው ብልቃጦች ላይ ስም አይጻፍም፣ ዕድሜ ብቻ ነው፤ የሷን ዕድሜ የያዘ አንድ አገኘሁና እሱን ለማንም ሳልሰጥ በገዛ እጄ አሻገርኩት።

እንግዲህ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ድንገት ከች ካልኩ መጀመሪያ ያስገቡኝ፤ ቁጣው ከገባሁ በኋላ ይደርሳል።

ታናሽ እህትዎ
ከማቀዝቀዣዎቹ ክፍል ጎን ካለችው ቢሮዬ
ሐሙስ አመሻሽ